ሞተር ቆሞ ሲጮኽ

በአገራችን ከተሞች የድሮ ቮልስዋገን መኪናዎች ዛሬም ይታያሉ። ሕዝቡ «ቮልስ» ይላቸዋል። የዚህ መኪና ምርት በሜክሲኮ አገር በሐምሌ 1995 ዓ.ም. ሲያበቃ፣ በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቶ ነበር። አዲስ ከፋብሪካ ስለማይወጣ፣ ያለውን በእንክብካቤ መያዝ ግድ ነው። በዚህ ትምህርት ከተለመዱት የቮልስ ሕመሞች አንዱን እንመለከታለን። ይኸውም መኪናው ቆሞ ሳለ ሞተሩ ከልክ በላይ መፍጠኑ ነው።

ሚኒሞ ምንድን ነው?

ማርሹ ፎሌ ላይ ሆኖ፣ ማንም ቤንዚን ሳይሰጠው ሞተሩ የሚዞርበትን ዝቅተኛ ፍጥነት መካኒኮቻችን ሚኒሞ ይሉታል። የቮልስ ሞተር ከሞቀ በኋላ ሚኒሞው በደቂቃ ከ800 እስከ 900 ዙር ያህል ቢሆን ጤነኛ ነው። 1,200 ወይም 1,500 ዙር ከሆነ ግን አንድ የተበላሸ ነገር አለ።

«ቢጮህስ ምን ይጎዳል?» የሚል ሰው ይኖራል። ብዙ ይጎዳል እንጂ! አንደኛ፣ ቤንዚን ያለ ሥራ ይቃጠላል። ሁለተኛ፣ ማርሽ ሲገባ ይንጫጫል፤ ፍሪሲዮንም ቶሎ ያልቃል። ሦስተኛ፣ ቁልቁለት ላይ ሞተሩ መኪናውን መያዝ ሲገባው ወደፊት ስለሚገፋ፣ ሸክሙ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። አራተኛ፣ ቁልፉን ዘግተንም ሞተሩ እየተንገጫገጨ አልጠፋም ሊል ይችላል።

የሚፈጥነው ለምንድን ነው?

ቤንዚንና አየር የሚቀላቀሉት በካርቡራቶር ውስጥ ነው። በካርቡራቶሩ ጉሮሮ ላይ አንድ ክብ ክዳን አለ። ቤንዚን መስጫውን ስንረግጥ ክዳኑ ይከፈታል፤ እግራችንን ስናነሣ ሞላው ይመልሰዋል። ክዳኑ ሲከፈት አየር ይገባል፤ አየሩን ቤንዚን ይከተለዋል፤ ሞተሩም ይፈጥናል። ስለዚህ ሞተር ቆሞ ከፈጠነ መጀመሪያ መጠየቅ ያለብን «ይህ ትርፍ አየር በየት ገባ?» ብለን ነው።

ብዙ ሰው ግን ይህን ሳይጠይቅ ካቻቢቴ ያነሣና የሚኒሞውን ብሎን ያዞራል። ሞተሩ ለጊዜው ዝም ይላል። ሕመሙ ግን ተሸፈነ እንጂ አልዳነም። በማግስቱ ጠዋት ሞተሩ አልነሣም ይላል፤ ወይም መስቀለኛ መንገድ ላይ ይጠፋል። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚሉት ለዚህም ይሆናል።

እንዴት እንመርምር?

ከሁሉ አስቀድመን መኪናውን ሜዳ ላይ እናቁም። ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በተዘጋ ቤት ውስጥ ግን ሰው ይገድላል። የእጅ ፍሬኑን እንያዝ። ነጠላና ሰፊ እጅጌ ከሚዞረው ቺንጋ እናርቅ። ከዚያ ሞተሩ በደንብ ይሙቅ። ጠዋት ገና ሳይሞቅ ሚኒሞው ከፍ ማለቱ የቾክ ሥራ ስለሆነ በሽታ አይደለም።

1ኛ/ ካቦውን እንይ። የቮልስ ሞተር ከኋላ ስለሆነ፣ የቤንዚን መስጫው ካቦ ከነጂው እግር ሥር ተነሥቶ በቱቦ ውስጥ እስከ ኋላ ይሄዳል። ዝገት ወይም ቆሻሻ ከያዘው በደንብ አይመለስም። የካርቡራቶሩን ክንድ በእጃችን ወደ መዝጊያው ስንገፋው ሚኒሞው ከወረደ፣ ጥፋቱ የካቦው ወይም የሞላው ነው።

2ኛ/ ቾኩን እንይ። ሞተሩን አጥፍተን የአየር ፊልትሮውን እናንሣ። ሞተሩ ከሞቀ፣ በካርቡራቶሩ አናት ያለው የቾክ ክዳን ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ተዘግቶ ከቀረ ሞተሩን ያስጮኸዋል፤ የቤንዚን ሽታና ጥቁር ጭስም ያመጣል። ብዙዎቹ ቮልሶች ቾካቸው በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ነውና፣ ሽቦው ወልቆ እንዳይሆን እንመልከት።

3ኛ/ የአየር ሽንቁር እንፈልግ። ከካርቡራቶሩ ሥር ያለው ጓርኒሲዮን ሲደርቅ፣ የጎማ ቱቦ ሲሰነጠቅ፣ ወይም የክዳኑ ዘንግ ሲበላ አየር ሾልኮ ይገባል። ሽንቁሩ ትንሽ ከሆነ ሞተሩ ይፈጥናል፤ ትልቅ ከሆነ ይንቀጠቀጣል። የቤንዚኑ ድርሻ ስለሚያንስም ሞተሩ ከልክ በላይ ይግላል፤ ቫልቭ እስከ ማቃጠል ይደርሳል። ለመፈተን በየመጋጠሚያው የሳሙና ውሃ በቡሩሽ እንቀባ። ስንቀባ የሞተሩ ድምፅ ከተለወጠ ሽንቁሩ እዚያ ነው። በቤንዚን መፈተን ግን እሳት መጥራት ነው፤ ፈጽሞ አናድርገው!

4ኛ/ የእሳቱን ጊዜ እናስለካ። ካንዴላው እሳቱን ከጊዜው ቀድሞ ከሰጠ ሚኒሞው ከፍ ይላል። በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ያሉት ትናንሽ ክብደቶች ዝገት ሲይዛቸውም፣ እግራችንን አንሥተን ሞተሩ ቶሎ አይወርድም። ይህን መለኪያ ያለው መካኒክ ቢያየው ይሻላል።

5ኛ/ ይህ ሁሉ ታይቶ ደኅና ከሆነ፣ ያን ጊዜ ብሎኑን እናስተካክል።

አንድ ነገር እንጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ትላለች፤ አዳማ ግን 1,600 ሜትር ገደማ ናት። ዝቅ ባለ አገር አየሩ ስለሚወፍር፣ አዲስ አበባ ላይ የተስተካከለ ሚኒሞ አዳማ ሲደርስ ጥቂት ከፍ ቢል አያስደንግጠን።

እንግዲህ ሞተር ሲጮኽ የሚነግረን ነገር አለ። ዝም ከማሰኘታችን በፊት እንስማው።

ጥያቄዎች

1. ሚኒሞ ማለት ምን ማለት ነው?
2. መኪናውን ሜዳ ላይ አውጥተን የምንመረምረው ለምንድን ነው?
3. የሚኒሞውን ብሎን ቀድሞ ማዞር ምን ጉዳት ያመጣል?
4. በአካባቢያችሁ ምክንያቱ ሳይታወቅ ምልክቱ ብቻ የተሸፈነ ችግር አለን? ተወያዩበት።