ኮረንቲ፣ ቮልቴጅና ሬዚስታንስ፤ ፊውዝ ማንን ይጠብቃል?

በዓል በደረሰ ቁጥር በአዳራሻችን አምፑል የምንሰቅለው፣ ድምፅ ማጉያ የምንተክለውና ለሻይ ውኃ በኤሌክትሪክ የምናፈላው እኛው ወጣቶች ነን። የምንነካውን ነገር ጠባይ ሳናውቅ መሥራት ግን በራሳችንም በሌላውም ሕይወት ላይ አደጋ ያመጣል። ስለዚህ ሦስት መሠረታዊ ነገሮችን በአጭሩ እንመለከታለን።

ሀ/ ሦስቱ ነገሮች

ምሳሌውን ከደጃችን እንውሰድ። ከጣና ሐይቅ የሚወጣው የዓባይ ውኃ እ.ኤ.አ. በ1964 በጢስ ዓባይ ኤሌክትሪክ ማመንጨት ጀመረ። በዚያ ውኃው የሚወርድበት ከፍታ 50 ሜትር ገደማ ነው። በግንቦት 2002 ዓ.ም. የተመረቀው የጣና በለስ ማመንጫ ግን የዚያኑ ሐይቅ ውኃ በዋሻ ወስዶ ከ300 ሜትር በላይ ያወርደዋል፤ የማመንጨት አቅሙም 460 ሜጋ ዋት ነው። እንግዲህ አንድ ባልዲ ውኃ በበለስ የሚሰጠው ኃይል በጢስ ዓባይ ከሚሰጠው ስድስት እጥፍ ያህል ይሆናል። ውኃው ያው ነው፤ የተለየው ከፍታው ነው።

በሽቦ ውስጥም ነገሩ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል።

1ኛ/ ቮልቴጅ እንደ ውኃው ከፍታ ነው፤ መለኪያው ቮልት ይባላል። በቤታችን ያለው 220 ቮልት ነው።
2ኛ/ ኮረንቲ በየሴኮንዱ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ መጠን ነው፤ መለኪያው አምፔር ነው።
3ኛ/ ሬዚስታንስ መንገዱ ኮረንቲውን የሚገታበት ጠባይ ነው፤ መለኪያው ኦም ነው። ቀጭንና ረጅም ሽቦ እንደ ጠባብ ቧንቧ ብዙ ይገታል።

ጀርመናዊው ጆርጅ ኦም እ.ኤ.አ. በ1827 እንዳሳወቀው፣ ቮልቴጅ ለሬዚስታንስ ሲካፈል ኮረንቲ ይገኛል። ቮልቴጅ በኮረንቲ ሲባዛ ደግሞ ኃይሉን በዋት ይሰጠናል።

ይሁን እንጂ ምሳሌው በአንድ ነገር አይሠራም። ቧንቧ ሲቆረጥ ውኃው ይፈሳል፤ ሽቦ ሲቆረጥ ግን ኮረንቲው ይቆማል። ኮረንቲ የሚሄደው ወጥቶ የሚመለስበት የተዘጋ ዙር ሲያገኝ ብቻ ነው።

ለ/ ምጣድና ቀጭን ገመድ

የ3,500 ዋት የእንጀራ ምጣድ በ220 ቮልት ሲሠራ 16 አምፔር ያህል ይስባል። የቤት ዕቃዎች ጎን ለጎን ስለሚያያዙ ሁሉም 220 ቮልት ያገኛሉ፤ ኮረንቲያቸው ግን በዋናው ሽቦ ላይ ይደመራል። ሁለት ምጣድ ከሆነ 32 አምፔር ማለት ነው።

አሁን ያንን አንድ ምጣድ 20 ሜትር በሚረዝምና የመዳብ ውፍረቱ 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር በሆነ ቀጭን ገመድ ብናያይዘው ምን ይሆናል? የመሄጃውና የመመለሻው ሽቦ ሬዚስታንስ በድምሩ 0.9 ኦም ገደማ ነው። በሽቦ ላይ የሚባክነው ሙቀት ኮረንቲው በራሱ ተባዝቶ እንደገና በሬዚስታንሱ ሲባዛ ይገኛል፤ ይኸውም 230 ዋት ያህል ነው። ገመዱ ተዘርግቶ ከሆነ ሙቀቱ በርዝመቱ ይከፋፈላል፤ ተጠቅልሎ ከሆነ ግን አንድ ላይ ታምቆ ፕላስቲኩን ያቀልጣል፤ እሳትም ያስነሣል።

ሐ/ ፊውዝ ማንን ይጠብቃል?

ፊውዝ ኮረንቲው ከልክ ሲያልፍ ቀልጦ ዙሩን የሚቆርጥ ቀጭን ሽቦ ነው። ፊውዝ በተቃጠለ ቁጥር በቦታው ወፍራም መዳብ የሚያስሩ ሰዎች አሉ። ይህ ዘበኛውን አስወጥቶ በሩን ክፍት እንደ መተው ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚቀልጠው በግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ይሆናል።

ይሁንና ደኅነኛው ፊውዝም ቢሆን የሚጠብቀው ሽቦውን እንጂ ሰውን አይደለም። የረጠበ ሰው ሰውነት ሬዚስታንሱ እስከ 1,000 ኦም ሊወርድ ይችላል። 220 ሲካፈል ለ1,000 0.22 አምፔር ነው። ይህ የልብን ምት አዛብቶ ለመግደል ይበቃል፤ 10 አምፔር የሚችለው ፊውዝ ግን ምንም አይሰማውም። ከሐይቁ ዋኝቶ የወጣ ወይም በእርጥብ ወለል ላይ በባዶ እግሩ የቆመ ሰው የተላጠ ሽቦ ቢነካ መሬት ዙሩን ይዘጋለታል።

መ/ ምን እናድርግ?

ሽቦ ከመንካታችን በፊት ዋናውን ማጥፊያ እናጥፋ። ምጣድና ስቶቭ በቀጭን ገመድ አንሥራ፤ የተጠቀለለውንም ገመድ እንዘርጋ። የተቃጠለ ፊውዝ በልኩ ይተካ፤ ደጋግሞ ከተቃጠለም ምክንያቱ ይፈለግ። ሰው ኮረንቲ ሲይዘው በባዶ እጅ አንጎትተው፤ አስቀድመን እናጥፋ፤ ማጥፊያው ከራቀ በደረቅ እንጨት ሽቦውን እናርቅለት።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ በሚመጣው በዓል መሰላል ከመውጣታችን በፊት አንዳችን ማጥፊያው ዘንድ እንቁም፤ የሚያያዙትንም ዕቃዎች አምፔር በወረቀት እንደምር። ይህ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።