ስለ ደን አፈር ኮምጣጣነትና ስለ ዛፍ ዐይነት
ለየወረዳው የእርሻና የደን ሹማምት የተዘጋጀ ትምህርት

ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በየክረምቱ በአገራችን እጅግ ብዙ ችግኝ ይተከላል። የተተከለው ኹሉ ግን አይጸድቅም። ከምክንያቶቹም አንዱ በዓይን የማይታይ ነው፤ ይኸውም በአፈር ውስጥ የሚኖሩት ረቂቃን ሕያዋን ነገር ነው። እነዚህም በተለይ ኹለት ወገን ናቸው፤ አንደኛው ባክቴሪያ፣ ኹለተኛው የሻጋታና የእንጉዳይ ወገን። የወደቀውን ቅጠል አበስብሰው ለሥር ምግብ የሚያደርጉት እነርሱ ናቸው።

አንደኛ፤ ስለ ኮምጣጣነት። የአፈር ኮምጣጣነት ፒኤች በሚባል ልክ ይለካል። 7 መካከለኛው ነው፤ ከዚያ በታች አፈሩ ኮምጣጣ ይባላል። አንዲት ደረጃ ሲወርድ ኮምጣጣነቱ በ10 እጅ ይበዛል። በእንግሊዝ አገር በሮተምስተድ፣ ፒኤቹ ከ4 እስከ 8 በሚደርስ አንድ የእርሻ መሬት ላይ የተደረገው ምርመራ በ2010 እ.ኤ.አ. ታትሟል፤ በዚያም ከኮምጣጣው ጫፍ ወደ ሌላው ሲሄዱ የባክቴሪያው ዐይነት እጥፍ ያህል ሲበዛ፣ የሻጋታው ወገን ግን ብዙ አልተለወጠም። ስለዚህ በኮምጣጣ አፈር የማበስበሱ ሥራ ይበልጡን በሻጋታው ላይ ይወድቃል። ከ5.5 በታች ሲሆን ደግሞ አሉሚኒየም እየሟሟ ሥርን ይጎዳል።

ኹለተኛ፤ ስለ ዛፍ ዐይነት። ዛፍ ራሱ አፈሩን ይለውጣል። በፖላንድ አገር 14 ዐይነት ዛፎች በ1970 እና በ1971 እ.ኤ.አ. በአንድ ስፍራ ጐን ለጐን ተተከሉ። ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ ሲመረመር፣ ቅጠላቸው ካልሲየም የበዛባቸው ዛፎች የቆሙበት አፈር ከሌላው ያነሰ ኮምጣጣ ኾኖ፣ የምድር ትልም በዝቶበት ተገኘ።

ሦስተኛ፤ ስለ ሥርና ስለ ሻጋታ ማኅበር። የሐበሻ ጽድ፣ ዝግባና ዋንዛ በሥራቸው ውስጥ ከሚገባ ረቂቅ ሻጋታ ጋራ ይኖራሉ፤ ዛፉ ስኳር ይሰጠዋል፣ እርሱም ፎስፎረስ ያመጣለታል። ፓቱላ የሚባለው የውጭ አገር ዛፍ ግን ሥሩን ከውጭ የሚሸፍን ሌላ የእንጉዳይ ወገን ይሻል። ባሕር ዛፍ ከኹለቱም ጋራ መኖር ይችላል። ሰሳና ግራር ደግሞ ናይትሮጅን የሚሰበስብ ባክቴሪያ በሥራቸው ላይ ይይዛሉ፤ ይህም ባክቴሪያ በኮምጣጣ አፈር ይደክማል።

እንግዲህ ሹማምት የሚከተለውን ያስፈጽሙ፤

ችግኝ ከመታደሉ በፊት የመሬቱ ፒኤች ይለካ፤ ለመሬቱም የሚስማማው ዛፍ ይመረጥ።

ለአገር በቀል ችግኝ ማፍያ ከሚሆነው አፈር ላይ፣ ከዚያው ዐይነት እናት ዛፍ ሥር የተወሰደ ጥቂት አፈር ይጨመር። በጎጃምና በጎንደር በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ የቀረው ደን ለዚህ መልካም ምንጭ ነው፤ ነገር ግን በደብሩ አለቃ ፈቃድና በልክ ይወሰድ።

ከዛፍ ሥር የወደቀው ቅጠል ተጠርጎ እንዳይወሰድ፣ እንዳይቃጠልም ሕዝቡ ይመከር።

የተተከለውን ቈጥሮ ማስታወቅ የሥራው መጀመሪያ ነው፤ ደን የሚባለው ግን አፈሩ የተቀበለው ችግኝ ብቻ ነው።