ተደብድበው ሲጎዱ፦ ቡላኦስ ላይ ክስና ካሳ

ከጅቡቲ ከተማ ሦስት ኮሙኖች አንዱ በሆነው ቡላኦስ አንድ ኢትዮጵያዊ ክፉኛ ሲደበደብ፣ ጉዳዩ ብዙ ጊዜ የሚያልቀው ፍርድ ቤት ሳይደርስ፣ ሆስፒታል አልጋ ላይ ነው። የከባድ መኪና ረዳት እንውሰድ፤ ወደብ ላይ ጭነት የሚጠብቅ ወጣት። ማታ በተነሳ ጠብ ብረት አርፎበት ክንዱ ተሰብሯል፣ ግንባሩ ተሰፍቷል። ፔልቲየ ሆስፒታል በተኛ በማግስቱ የደብዳቢው ዘመዶች ይመጣሉ። ከፊት ያሉት ሽማግሌ አማርኛ አይቸግራቸውም። «አይዞህ ልጄ፣ አላህ ያሽርህ፤ ሰይጣን መሃል ገብቶ ነው» ይሉና ፖስታ ትራሱ ሥር ያደርጋሉ። ከፖስታው ጋር በፈረንሳይኛ የተጻፈ አንድ ገጽ አለ። ልጁ ለመድኃኒት የሚሆን ፍራንክ እንኳ የለውም፤ ይፈርማል። ከሳምንታት በኋላ ሐኪሙ ክንዱ ከእንግዲህ ሙሉ በሙሉ እንደማይዘረጋ ይነግረዋል።

ሽማግሌውን አጭበርባሪ ማለት አይገባም። በአገሩ ደንብ መሠረት የሚገባቸውን አድርገዋል። ከኢትዮጵያ፣ ከጅቡቲና ከሶማሊያ ኢሳዎች ጋር የኖረው፣ በቃል የሚተላለፈው ልማዳዊ ሕግ፣ የኢሳ ሔር፣ በ2024 (እ.ኤ.አ.) በዩኔስኮ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። በዚህ ሥርዓት የአካል ጉዳት ካሳ የጎሳ ጉዳይ ነው፤ የአጥፊው ዘመዶች አዋጥተው ይከፍላሉ፣ የተጎጂው ዘመዶች ተቀምጠው ይደራደራሉ። የእኛን የደም ካሳ ሥርዓት፣ ጉማን፣ ለሚያውቅ እንግዳ ነገር አይደለም። ችግሩ ረዳቱ በዚያ ወንበር የሚያስቀምጠው ወገን የሌለው መሆኑ ነው። ስለዚህ ሽምግልናው ይምጣ፣ ነገር ግን ብቻዎን አይቀመጡ፤ የመኪናውን ባለቤት፣ የኢትዮጵያውያን ኮሚኒቲ ሽማግሌ ወይም ከኤምባሲው ሰው ይጥሩ። ለሕክምና የሚሰጥዎትን ገንዘብ ቢቀበሉ እንኳ ደረሰኙ ላይ «ለሕክምና ወጪ ብቻ» ተብሎ ይጻፍ። ክሴን ትቻለሁ የሚል ወረቀት ግን ጉዳቱ የት እንደሚቆም ሐኪም ሳይናገር አይፈረምም። እኔ በዚህ ላይ ድርድር የለኝም።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። የጅቡቲ የወንጀል ሕግና የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ ሁለቱም በ1995 (እ.ኤ.አ.) የወጡት፣ የፈረንሳይን ሕግ የተከተሉ ናቸው። በዚህ ሥርዓት ከባድ የአካል ጉዳት የመንግሥት ክስ ነው፤ ባለቤቱ ዐቃቤ ሕጉ፣ እነሱ ፕሮኩሩር የሚሉት ነው። ታርቄያለሁ ማለትዎ ክሱን በራሱ አይዘጋውም። በተግባር ግን ዋናው ምስክር ዝም ሲል ፋይሉ መቀዝቀዙ አይቀርም።

የጉዳዩ አከርካሪ ሐኪም የሚሰጠው ወረቀት፣ ሰርቲፊካ ሜዲካል ነው። እዚያ ላይ ከቁስሉ ዝርዝር ይልቅ ክሱን የሚያከብደው ወይም የሚያቀልለው አንድ ቁጥር አለ፤ «ኢቴቴ» ይሉታል፣ ቃል በቃል «ሙሉ በሙሉ ሥራ አለመቻል»፤ ተጎጂው የዕለት ተዕለት ነገሩን ማከናወን የማይችልባቸው ቀናት ብዛት። ስሙ የሥራ ጉዳይ ስለሚመስል የቀን ሠራተኛውም ሥራ የሌለውም «እኔን አይመለከትም» ብለው ያልፉታል። ልብስ መልበስ፣ መታጠብ፣ ምግብ ማብሰል አለመቻልም ይቆጠራል። ለሐኪሙ «ያመኛል» ብቻ አይበሉ፤ በቀኝ እጅዎ ኩባያ ማንሳት እንደማይችሉ፣ ሌሊት ራስ ምታቱ እንደሚቀሰቅስዎት ይንገሩ። ሕመሙ ከባሰ ተመልሰው ሄደው ሁለተኛ ወረቀት ያስጽፉ፤ ቋሚ የአካል ጉድለት መኖሩ ክሱንም ካሳውንም ሌላ ደረጃ ላይ ያደርሰዋል። ደም የነካውን ልብስ አያጥቡት፤ በወረቀት ከረጢት ያስቀምጡት እንጂ በፌስታል አይቋጥሩት፣ በጅቡቲ ሙቀት በቀናት ውስጥ ይበሰብሳል።

አቤቱታው የሚቀርበው ለፖሊስ ጣቢያው፣ እነሱ ኮሚሳርያ ለሚሉት፣ ወይም ለጀንዳርመሪው ነው፤ አስቸኳይ ከሆነ ፖሊስ በ17 ይጠራል። የሥራው ሳምንት ከእሑድ እስከ ሐሙስ ነው፤ ዓርብ ሄዶ በር ማንኳኳት ትርፉ ድካም ነው። በጠዋት ይሂዱ። እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ፣ ከእኛው አገር የመጣው ጫት ከተማውን ሲቆጣጠረው፣ ቢሮ ውስጥ ጉዳይ ማስጨረስ ምን እንደሚመስል ነዋሪው ያውቀዋል። ቃልዎ በፈረንሳይኛ ይመዘገባል፤ አስተርጓሚ ይጠይቁ፣ ተነቦ ካልተተረጎመልዎ አይፈርሙ። ደብዳቢው ማን እንደሆነ ባያውቁም አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል።

ኮሚሳርያው ቢያጉላላ በጽሑፍ በቀጥታ ለፕሮኩሩሩ ማመልከት ይቻላል። ፕሮኩሩሩም ፋይሉን ቢዘጋው ጉዳዩ ሞተ ማለት አይደለም። ተጎጂው «ፓርቲ ሲቪል» ሆኖ፣ ማለትም ካሳ የሚጠይቅ ወገን ሆኖ፣ መርማሪ ዳኛው ዘንድ አቤቱታ ሲያቀርብ ምርመራው እንዲከፈት ማድረግ ይችላል። ዳኛው ማስያዣ ገንዘብ ሊጠይቅ ስለሚችል ከጠበቃ ጋር መመካከር ይበጃል፤ አቅም ለሌለው ሰው የሕግ ድጋፍ እንዲሰጥ የሚያስችል ሕግ በጅቡቲ አለ። ፓርቲ ሲቪል መሆን የሚጠቅመው ቅጣቱና ካሳው በአንድ ችሎት እንዲታዩ ስለሚያደርግ ነው። የሕክምና ደረሰኝ፣ የቀረ ደመወዝ፣ የአካል ጉድለቱ፣ ሕመሙ ራሱ ይቆጠራል። ጥቃቱ በሥራ ላይ ከደረሰና ቀጣሪዎ ለማኅበራዊ ዋስትናው ተቋም፣ ለሴኤንኤስኤስ የሚከፍልልዎ ከሆነ፣ እዚያም ይጠይቁ። ሴቶች፣ በተለይ በሰው ቤት የሚሠሩ፣ ከኮሚሳርያው በፊት የጅቡቲ ሴቶች ብሔራዊ ኅብረትን ማየት ይችላሉ፤ ከ2007 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ጥቃት የደረሰባቸውን የሚያዳምጥና የሚመራ ክፍል አለው።

መኖሪያ ፈቃድ ለሌለው ሰውስ? አቤቱታ ማቅረብ ፈቃድ ያለው ሰው ብቻ የሚያገኘው መብት አይደለም። ፍርሃቱ ግን ከባዶ አልመጣም፤ በ2003 (እ.ኤ.አ.) መንግሥት ሕጋዊ ወረቀት የሌላቸው የውጭ ሰዎች እንዲወጡ ቀነ ገደብ አስቀምጦ ብዙ ሺህ ሰው ወጥቷል። በዚህ ሁኔታ ያለ ሰው መጀመሪያ ሆስፒታል ገብቶ ሰርቲፊካውን ይያዝ፤ ሁለተኛ ኤምባሲው ወይም ጠበቃ አብሮት ይሂድ። ሕክምናውን ግን በፍርሃት አያዘግየው።

ደብዳቢው ኢትዮጵያዊ ሆኖ በጋላፊ ወይም በደወሌ ድንበር ተሻግሮ ቢሰወርስ? በ1996 ዓ.ም የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 18 ለዚህ መልስ አለው፤ ድርጊቱ በሁለቱም አገሮች ወንጀል ከሆነ፣ ከባድ ከሆነና ሰውየው በጅቡቲ ካልተፈረደበት በአገር ቤት ሊከሰስ ይችላል። ከባድ የአካል ጉዳት በአንቀጽ 555 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። በአገር ቤት የካሳ ክስ ሲቀርብ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2143 የሚሰጠው መነሻ ጊዜ 2 ዓመት ነው፤ የወንጀሉ ይርጋ ረዘም ካለ ግን ካሳውም ያንን ይከተላል። የጅቡቲው ሰርቲፊካና የፖሊስ ቃል ተተርጉመውና በኤምባሲው ማኅተም ተረጋግጠው ካልመጡ ግን የአዲስ አበባውም ሆነ የድሬዳዋው ችሎት አይቀበላቸው ይሆናል፤ ስለዚህ ከጅቡቲ ሳይወጡ ያስጨርሱ።