የሴት አያቶቻችን ስም በውርስ ፋይል ውስጥ



ወለንጪቲ ያሉ ሽማግሌዎቻችን ዘንድ ቁጭ ብለን ስለ ዘራችን ብንጠይቅ፣ ሰባት ስምንት አባት ሳያቋርጡ ይቆጥሩልናል። «የአያታችን እናትስ ማን ትባል ነበር?» ስንል ግን ዝም ይላሉ፤ ቢበዛ «የእገሌ ልጅ ነበረች» ይሉናል። ሲለቱ ረሒም እንድንቀጥል ነሰባችንን እንድናውቅ በሐዲስ ታዘናል፤ ዝምድና ደግሞ በእናትም በኩል ነው። ዛሬ የምናጠናው ይህን ክፍተት የሚሞላ ወረቀት ነው፦ በሸሪዓ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት የሚቀመጠውን የውርስ ፋይል።

ፋይሉ ሴቶችን የሚጽፈው በቸርነት አይደለም። በሱረቱ ኒሳእ 11ኛውና 12ኛው አንቀጽ ለእናት፣ ለሚስትና ለሴት ልጅ ድርሻ ስለተደነገገ፣ ቃዲው ማንነታቸውን ሳያረጋግጥ ማከፋፈል አይችልም። የኒካሕና የፍቺ መዝገብም እንዲሁ የሙሽራይቱን አባትና ወልይ ይነግረናል።

የቃዲዎችና የናኢባዎች ምክር ቤቶች በ1936 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 62 ሲደራጁ ጋብቻን፣ ፍቺን፣ የልጆች ሞግዚትነትን፣ ወቅፍን፣ ስጦታንና ውርስን እንዲያዩ ሥልጣን ተሰጣቸው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 78 ዕውቅናቸውን አጽንቷል። ስለዚህ በአሮጌ ወረቀት ላይ «ናኢባ» የሚል ብናገኝ የዛሬው ሸሪዓ ፍርድ ቤት ቀዳሚ መሆኑን እንወቅ።

አሁን ወደ አነባበቡ እንግባ፤ ፈራኢድ የተማርን ሰዎች የምንጠቀመው እዚህ ላይ ነው። ሟች ልጅ ካለው የሚስት ድርሻ አንድ ስምንተኛ ነው። ከመካከላችን አንዷ እህታችን የቅድመ አያቷን ፋይል ስታይ ለምታውቃት ሴት አያቷ የተጻፈው አንድ አሥራ ስድስተኛ ነበር። ስሕተት መሰላት። ስምንተኛውን ለሁለት የተካፈለች ሌላ ሚስት እንዳለች የገባት ዝርዝሩን ወደ ታች ስታነብ ነው፤ የዚያችኛዋ ልጆች መተሐራ ይኖሩ ነበር። ቤተሰቡ ለዓመታት ያልተጠያየቀው ከእነሱ ጋር ነው። እንዲሁም የሟች እናት አንድ ስድስተኛ ከተሰጣት ልጇ ሲሞት በሕይወት ነበረች ማለት ነው።

ፋይሉ የማይናገረውም አለ። ከአባቱ ቀድሞ የሞተ ልጅ ወራሽ ስላልሆነ አይጻፍም፤ አጎቶቻቸው በሕይወት ካሉ የእሱ ልጆችም ከውርሱ ውጭ ናቸው። ያሳደጉት ልጅም ወራሽ አይደለም፤ ሱረቱል አሕዛብ ልጆች በወላጅ አባታቸው እንዲጠሩ አዟልና። ስሙ ዝርዝሩ ውስጥ የሌለን ሰው «ዘመዳችን አይደለም» እንዳንል።

ፍለጋው አድካሚ ነው። የሟቹን ስም እስከ አያት፣ የሞተበትን ዓመት በግምትም ቢሆን፣ ንብረቱ የነበረበትን ቀበሌ ይዘን እንሂድ። የመዝገብ ቁጥሩ ከተገኘ ግማሹ ሥራ አለቀ፤ ብዙ ጊዜ አሮጌ የቤት ካርታ ወይም ደብተር መካከል የታጠፈ ውሳኔ ላይ ይገኛል። ሙሐመድ፣ መሐመድ፣ መሀመድ ተብሎ ሊጻፍ ስለሚችል በሁሉም እንጠይቅ። ቀኑ በሂጅራ ከሆነ የሂጅራ ዓመት በ11 ቀን ገደማ እንደሚያንስ አንርሳ። ወለንጪቲ ካልተገኘ አዳማ መጠየቅ ይገባል፤ ግልባጭ የሚሰጠው በማመልከቻ ነው።

አንድ ነገር ግን ከመሄዳችን በፊት፦ ለቤተሰቡ ታላቅ እንንገር። የውርስ ፋይል ሲከፈት የቤት ክርክር ሊቀሰቀስ ይችላል፤ ሐቁ የቀረበት ሰው ከተገኘም መጀመሪያ መስማት ያለበት ከታላላቆቹ እንጂ ከእኛ ከተማሪዎቹ አይደለም። እህታችንም ግልባጩን መጀመሪያ የወሰደችው ለአባቷ ታላቅ ወንድም ነበር። እሳቸው ሁለት ጊዜ አንብበው መተሐራ ማንን እንደሚጠይቁ አሰቡ፤ በሳምንቱ አብረው ሄዱ።