“ከገባው በላይ ሙቀት ይወጣል” ሲሉን፦ ወሬን በሚዛን ማጣራት



ከዒሻ ሶላት በኋላ በዶርም ስንወያይ ደጋግሞ የሚነሳ ክርክር አለ። “ከሚወስደው ኤሌክትሪክ በላይ ሙቀት የሚሰጥ መሣሪያ ተሠርቷል፤ የነዳጅ ኩባንያዎች ደብቀውት ነው እንጂ” የሚል ቪዲዮ ከስልክ ስልክ ይዞራል። ከመካከላችን “አላህ ምን ይሳነዋል!” የሚል አለ፤ “ውሸት ነው፣ አለቀ” የሚልም አለ። ነገሩ የጊዜ ማሳለፊያ ወሬ ብቻ አይደለም። ለእረፍት ወደ እስቴ፣ ወደ ፎገራ ወይም ወደ ጋይንት ስንመለስ “ልጃችን ኢንጂነር ነው፣ እሱን ጠይቁት” እንባላለን። ጀማዓው ለመድረሳ መብራት ብሎ ያዋጣውን ገንዘብ “ያለ ነዳጅ የሚሠራ ጄኔሬተር አለኝ” ለሚል ሰው ይስጥ ወይስ አይስጥ የሚለው በእኛ አንደበት ሊወሰን ይችላል። ይህ አማና ነው።

1. ወሬው ከየት መጣ?

እ.ኤ.አ. መጋቢት 23 ቀን 1989 ማርቲን ፍሌይሽማንና ስታንሊ ፖንስ የተባሉ ሁለት የኬሚስትሪ ሊቃውንት በአሜሪካ ዩታ ዩኒቨርሲቲ ጋዜጠኞችን ሰበሰቡ። በከባድ ውሃ ውስጥ በተነከረ ፓላዲየም ኤሌክትሪክ ስናሳልፍ ኬሚስትሪ የማያብራራው ትርፍ ሙቀት አገኘን፤ ምንጩም በክፍል ሙቀት የሚካሄድ የኒውክሌር ውህደት ነው አሉ። ኤም አይ ቲ፣ ካልቴክና የእንግሊዙ ሀርዌል ሞክረው አላገኙትም። ውህደት ቢሆን አብሮ መውጣት የነበረበት ኒውትሮንም በሚጠበቀው መጠን አልታየም። የአሜሪካ ኢነርጂ ሚኒስቴር ያቋቋመው ቡድን በዚያው ዓመት አሳማኝ ማስረጃ የለም አለ፤ በ2004 እንደገና ሲታይም ድምዳሜው ብዙ አልተለወጠም።

በ2011 ደግሞ ጣሊያናዊው አንድሬያ ሮሲ በኒኬልና በሃይድሮጅን ይሠራል ያለውን “ኢ-ካት” በቦሎኛ ከተማ ለእይታ አቀረበ። ኢንዱስትሪያል ሂት የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ከ11 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፈለው። በ2016 ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ2017 በስምምነት ተዘጋ። ገለልተኛ ቤተ ሙከራዎች እየደጋገሙ ያረጋገጡት ውጤት ግን የለም።

2. የሙሐዲሶች አምስት መስፈርት

በሱረቱል ሑጁራት 6ኛ አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ) ወሬ ሲመጣብን እንድናጣራ አዞናል። ዑለሞቻችን በዚህ ትእዛዝ ላይ ትልቅ ዒልም ገንብተዋል። አንድ ሐዲስ ሶሒሕ ለመባል አምስት ነገር ይሟላ ዘንድ ግድ ነው፦ ሰነዱ የተያያዘ፣ ዘጋቢዎቹ ታማኝ፣ አያያዛቸው የጠበቀ፣ ከሹዙዝ የጸዳ፣ ከዒላ የጸዳ። መስፈርቱ የተሠራው ለዲን ነው፤ ልምዱ ግን ለእኛም ይጠቅማል።

ሰነድ፦ ሙቀቱን የለካው ማን ነው? ከእሱስ እኛ ዘንድ በስንት ሰው በኩል ደረሰ? ብዙውን ጊዜ ቪዲዮውን ያጋራን ወንድም ከሌላ ሰው አየ፣ ያም ከሌላ፤ የመጀመሪያው ለኪ ጠፍቷል።

ታማኝነት፦ በፊቅህ ሰው ለራሱ ጥቅም የሚሰጠው ምስክርነት ተቀባይነት የለውም። መሣሪያውን የሚሸጠውም ሰው ብቻውን ለኪና መስካሪ ሊሆን አይገባም።

አያያዝ፦ ታማኝ ሰው ሁሉ ጥንቁቅ አይደለም። ሙሐዲሶች የሚዋሸውን ከሚረሳው ለይተው ጽፈዋል፤ መውዱዕና ደዒፍ አንድ አይደሉም። እኛም “አልተረጋገጠም” በማለትና “አጭበርባሪ ነው” በማለት መካከል ያለውን ርቀት እንጠብቅ። ሁለተኛው ያለ ማስረጃ ከተባለ የሰውን ክብር መንካት ነው።

ሹዙዝ፦ ታማኙ ሰው ከእሱ የበለጡትን ሲቃረን ነው። ፍሌይሽማን የእንግሊዝ ሮያል ሶሳይቲ አባል፣ በሙያው የተከበረ ሰው ነበር። ክብሩ ግን የብዙ ቤተ ሙከራዎችን ውጤት ሊሽር አልቻለም።

ዒላ፦ ላዩ ያማረ፣ ውስጡ የተደበቀ እንከን ነው። ይህን የሚያየው ባለሙያ ብቻ ስለሆነ የእኛ ድርሻ እዚህ ላይ ይበዛል።

3. ዒላውን በደብረ ታቦር ውሃ እናስላው

ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው። 1 ኪሎ ውሃ ከ15 ወደ 91 ዲግሪ ለማድረስ 318 ኪሎ ጁል ገደማ ይበቃል። ያንኑ ውሃ ሙሉ በሙሉ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ግን ተጨማሪ 2,280 ኪሎ ጁል ገደማ ያስፈልጋል። ድምሩ ወደ 2,600 ይጠጋል፤ ከመጀመሪያው ስምንት እጥፍ መሆኑ ነው።

እንግዲህ ልብ እንበል። መሣሪያው ውስጥ የገባው ውሃ ሁሉ ተነነ ብለን ብናሰላ፣ ውሃው ግን አብዛኛው ፈልቶ በጠብታ ብቻ የወጣ ቢሆን፣ ማንም ሳይዋሽ በወረቀት ላይ እስከ ስምንት እጥፍ የሚደርስ “ትርፍ” ይታያል። ቴርሞሜትሩ አያድነንም፤ አንድ ስኒ ቢተንም ሁሉም ቢተን 91 ነው የሚያሳየው። የአየር እርጥበት መለኪያም በእንፋሎት ውስጥ ያለውን ጠብታ አይመዝንም። በኢ-ካት ሙከራዎች ላይ ከተነሱት ዋና ክርክሮች አንዱ ይኸው ነበር። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የሚወጣውን ሁሉ በደንብ በተሸፈነ በርሜል ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ መልቀቅ፣ ከዚያ የበርሜሉ ውሃ ስንት ዲግሪ እንደጨመረ መለካት።

በመግቢያው በኩልም ዒላ አለ። በዲመር ተቆራርጦ የሚመጣን ኤሌክትሪክ ተራ መለኪያ አሳንሶ ሊያነብ ይችላል። ሱረቱል ሙጠፊፊን የምታወግዘው ለራሱ ሲሰፍር የሚያስሞላውን፣ ለሌላው ሲሰፍር የሚያጎድለውን ነው። የገባውን አጉድሎ የወጣውን አስሞልቶ የሚለካ ሙከራም፣ ሳይታሰብ ቢሆን እንኳ፣ ሚዛኑ ያው የተዛባ ነው።

ሌላው ጊዜ ነው። 1 ኪሎ ቤንዚን ሲቃጠል 46 ሜጋ ጁል ገደማ ይሰጣል። ስለዚህ 1 ኪሎ የሚመዝን መሣሪያ 1 ኪሎ ዋት ትርፍ አለኝ ቢል፣ 13 ሰዓት እስኪያልፍ ድረስ ውስጡ የተደበቀ ተራ ነዳጅ እንደሌለ ማወቅ አንችልም። የአንድ ሰዓት ትዕይንት ማስረጃ አይሆንም።

4. በአገራችንም ታይቷል

በ2008 እ.ኤ.አ. ከኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ወደ ደቡብ አፍሪካ ከተላከው ወርቅ ውስጥ ወርቅ የተቀባ ብረት ተገኝቶ ተመለሰ። አል-ኻዚኒ ግን በ1121 “ሚዛኑል ሒክማ” በተሰኘው ኪታቡ ንጹሕና የተቀላቀለ ማዕድን በውሃ ውስጥ በመመዘን እንዴት እንደሚለይ አስተምሮ ነበር። ወርቅ በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 19.3 ግራም፣ ብረት ግን 8 እንኳ አይሞላም። የጎደለው ዕውቀት አልነበረም፤ ከመቀበል በፊት መመዘን ነበር።

5. ለሁለቱም ወገን

“አላህ ምን ይሳነዋል” ለሚለው ወንድማችን፦ በአላህ ችሎታ ላይ ክርክር የለንም። ጥያቄው ይህ ሰው በዚህ ቀን የለካው ነገር ተከስቷል ወይ ነው። የሚቻል ሁሉ የተከሰተ አይደለም።

“ውሸት ነው፣ አለቀ” ለሚለውም፦ ሳይመረምሩ መጣልም ማጣራት አይደለም። ከ1989 ሦስት አሥርት ዓመታት በኋላ ጎግል ገንዘብ የመደበለት የተመራማሪዎች ቡድን ሙከራውን እንደገና በጥንቃቄ ሠርቶ፣ ማስረጃ እንዳላገኘ በ2019 ኔቸር መጽሔት ላይ አሳተመ። ፈትሸው “አላገኘንም” ያሉት ሰዎች ካልፈተሸ ተሳዳቢ ይሻላሉ።

እንግዲህ አቋማችን ይህ ይሁን፦ በዕውቀት በኩል ማስረጃ እስኪመጣ ተወቁፍ እናድርግ፤ በገንዘብ በኩል ግን መልሳችን “አይሆንም” ነው። የሰደቃ ብር የሙከራ ብር አይደለም። የጀማዓው ሽማግሌ ሲጠይቁን “አባባ፣ ሰውየው መሣሪያውን ያምጣ፤ የገባውንም የወጣውንም እኛ በራሳችን መለኪያ እንለካው፤ ለአንድ ሳምንት ይሥራ፤ ከዚያ በኋላ እንነጋገር” እንበላቸው። እውነተኛ ከሆነ ሚዛን አይፈራም።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀትን ይወፍቀን፤ በአማናችንም ላይ ያጽናን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።