የት ላይ ነው የተቋረጠው?

እ.ኤ.አ. በ1894፣ በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ ሐረርን ከአዲስ አበባ የሚያገናኝ የስልክና የቴሌግራፍ መስመር ተዘረጋ። ርዝመቱ 477 ኪሎ ሜትር ነበር። የኢትዮጵያ ቴሌኮም ታሪኩን የሚቆጥረው ከዚህ መስመር ነው። በሐረር ግንብ የሸዋ በር ወጥቶ ወደ መሀል አገር በበቅሎ የሚጓዝ ነጋዴ ስንት ቀን የሚደክምበትን መንገድ መልእክት በአንድ አፍታ አለፈው። እናንተ የሸዋ በር ልጆች፣ የዚያ መስመር አገር ሰዎች ናችሁና ከሳሎን እስከ መኝታ ቤት ያለች አጭር መንገድ አታሸንፋችሁም!

ዋይፋይ ሲጠፋ ብዙዎቻችን «ኔትወርክ የለም» ብለን እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጣለን። ይህ አነጋገር ማማረር ብቻ ነው፤ የትም አያደርስም። የሚያደርሰው «የት ላይ ነው የተቋረጠው?» የሚለው ጥያቄ ነው። ቤታችሁ ውስጥ ያሉት መገናኛዎች ሦስት ብቻ ናቸው፦ ከውጭ መስመር እስከ ራውተር፣ ከራውተር እስከ ስልክና ኮምፒውተር፣ ከራውተር እስከ ፕሪንተር። ተራ በተራ ፈትሿቸው። የተበላሸውን ለይቶ ያወቀ ሰው ሥራውን አጋምሷል።

አንደኛ፦ መብራቱን አንብቡ። መስመራችሁ ፋይበር ከሆነ በሳጥኑ ላይ «ኤል.ኦ.ኤስ.» የሚለው መብራት ቀይ ሲሆን ብርሃኑ ከውጭ እየደረሰ አይደለም ማለት ነው። ቀጭኑ ገመድ ተጣጥፎ ወይም ከሶኬቱ ወልቆ እንደሆነ እዩ። ካልሆነ ወደ ኢትዮ ቴሌኮም 994 ደውሉና «ኤል.ኦ.ኤስ. ቀይ ነው» በሉ፤ «ኢንተርኔት እምቢ አለ» ከሚል ሰው ይልቅ እናንተን መርዳት ይቀላል። መብራቱ ሁሉ ደህና ከሆነ ራውተሩን ከኤሌክትሪክ ንቀሉ፣ ግማሽ ደቂቃ ቆዩና መልሱት። ብዙ ጊዜ ይበቃዋል። በመርፌ የሚነካውን የ«ሪሴት» ቀዳዳ ግን ተዉት። እሱ ከተነካ የዋይፋዩ ስም፣ ፓስወርዱና መስመሩን የሚያስገባው ቅንብር ሁሉ ሊጠፋ ይችላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ?

ሁለተኛ፦ ቦታውን አስተካክሉ። ስልካችሁ ከራውተሩ አጠገብ እየሠራ ጓዳ ስትገቡ የሚደክም ከሆነ ጥፋቱ የመስመሩ አይደለም፤ የግድግዳው ነው። በሐረር ግንብ፣ በጀጎል ውስጥ ያሉት የድንጋይ ቤቶች ግድግዳቸው ወፍራም ነው። ለሙቀት መከላከያ ግሩም ነው፤ ለዋይፋይ ግን ከባድ። ራውተሩን ከወለል አንሱት፤ ከቴሌቪዥን ጀርባና ከብረት ቁም ሣጥን አውጡት። ግድግዳው ውስጥ የተቦረቦረው መደርደሪያ ዕቃና ስፌት ሲደረደርበት ያምራል፤ ራውተር ሲገባበት ግን በሦስት በኩል በድንጋይ ይታጠራል። ቤቱ መሀል፣ ከፍ ባለና ክፍት በሆነ ቦታ ይቀመጥ። ራውተሩ ሁለት ሞገድ የሚያወጣ ከሆነ 5 ጊጋኸርትዝ ፈጣን ነው፤ ግድግዳ ሲያጋጥመው ግን ቶሎ ይዳከማል። 2.4 ጊጋኸርትዝ ቀርፋፋ ቢሆንም ርቆ ይደርሳል። ሳሎን ለተቀመጠ የመጀመሪያው፣ ጓዳ ላለ ሁለተኛው ይመረጥ።

ሦስተኛ፦ ፕሪንተሩን ለሁሉም አድርጉት። ብዙ ሰው የማያውቀው ደስ የሚል ነገር አለ፦ ከቤት ኮምፒውተር ወደ ቤት ፕሪንተር ለማተም አብዛኛውን ጊዜ ኢንተርኔት አያስፈልግም። ሁለቱን የሚያገናኘው ራውተሩ ነው። ኢንተርኔት በጠፋ ቀንም የልጆቻችሁን የቤት ሥራ ማተም ትችላላችሁ!

እምቢ ካለ መጀመሪያ ፕሪንተሩ በራሱ ቁልፍ የሙከራ ገጽ ያትም። ካተመ ቀለሙም ወረቀቱም ደህና ነው፤ ችግሩ መገናኛው ላይ ነው። ቀጥሎ ፕሪንተሩና ኮምፒውተሩ በአንድ ዋይፋይ ላይ መሆናቸውን እዩ። ብዙ ርካሽ ፕሪንተሮች የሚያውቁት 2.4ን ብቻ ነው። በእንግዳ ዋይፋይ የገባ ስልክም ፕሪንተሩን ላያየው ይችላል።

መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ «ኦፍላይን» ካለስ? ራውተሩ ለፕሪንተሩ አዲስ አድራሻ ሰጥቶት፣ ኮምፒውተሩ በድሮው አድራሻ እየፈለገው ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያገለግል ነው። ራውተሩ ጀርባ ላይ የተለጠፈውን አድራሻ፣ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው፣ በብራውዘር ክፈቱና ለፕሪንተሩ ቋሚ አድራሻ ያዙለት። እዚያው ገጽ ላይ እያላችሁ ከፋብሪካ የመጣውን ፓስወርድ ቀይሩ፤ የደህንነት ዓይነቱንም ደብሊው.ፒ.ኤ.2 ወይም 3 አድርጉት።

ልብ በሉ፤ በዚህ ሁሉ ውስጥ የኢንጂነርነት ዲግሪ አልጠየቅንም። የጠየቅነው ትዕግሥትና ሥርዓት ነው፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፤ ለውጡን ፈትሹ፤ ከዚያ ወደ ቀጣዩ እለፉ። ሁለት ነገር በአንዴ የቀየረ ሰው ቢሳካለት እንኳ የቱ እንደሠራ አያውቅም፤ ነገም እንደ አዲስ ይጀምራል። በቅደም ተከተል የሚሠራ ሰው ግን ከእያንዳንዱ ብልሽት አንድ ዕውቀት ይዞ ይወጣል። ያ ዕውቀት ደግሞ ለፎቶ ኮፒ ቤትም፣ ለሱቅም፣ ለጎረቤትም ይተርፋል። ዛሬ ሁለት ኮምፒውተርና አንድ ፕሪንተር ማገናኘት የቻለች ልጅ ነገ የአንድ ቢሮ ሙሉ ኔትወርክ ብትረከብ ማን ይገረማል?

ስለዚህ ዛሬ ማታ ከራት በኋላ ተነሡ። የራውተሩን መብራቶች አንድ በአንድ እዩ፤ ደህና ሲሆን የቱ እንደሚበራ፣ ቀለሙም ምን እንደሆነ በወረቀት ጽፋችሁ አጠገቡ ለጥፉ። ከዚያ ከቤቱ ልጆች ታናሹን ጥሩና አስረዱት። እሱ መልሶ ካስረዳችሁ፣ በቤታችሁ ሁለት ባለሙያ አለ ማለት ነው!