ከሶዲየም እስከ አርገን፦ የሦስተኛውን ፔሬድ «ለምን» እንዴት እንመልሰው?

ስለ ንጥረ ነገሮች ሠንጠረዥ ሲነሳ ለብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ሽምደዳ ነው። «ከግራ ወደ ቀኝ ሲኬድ አቶም ያንሳል፣ የአዮናይዜሽን ኃይል ይጨምራል፣ ብረት አስተኔነት ይቀንሳል» እንላለን። ፈተና ላይ እንጽፈዋለን፤ በዚያው ያበቃል። ነገር ግን እኛ ሠልጣኞች ነገ ጠመኔ ይዘን ስንቆም አንድ ንቁ ተማሪ እጁን አውጥቶ «ለምን?» ማለቱ አይቀርም። ያን ጊዜ «ዝም ብለህ ያዝ» ካልነው ትምህርቱንም ልጁንም ገደልናቸው ማለት ነው። ስለዚህ የሦስተኛውን ፔሬድ 8 ንጥረ ነገሮች፣ ማለትም ሶዲየም፣ ማግኒዚየም፣ አሉሚኒየም፣ ሲሊከን፣ ፎስፎረስ፣ ድኝ፣ ክሎሪንና አርገንን ወስደን «ለምን» የሚለውን እንመርምር።

ሠንጠረዡ ከማስተማር ችግር የተወለደ ነው

ሩሲያዊው ዲሚትሪ ሜንዴሌየቭ እ.ኤ.አ. በ1869 በሴንት ፒተርስበርግ ዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር። ለተማሪዎቹ መማሪያ መጽሐፍ ሲያዘጋጅ በጊዜው የታወቁትን 63 ያህል ንጥረ ነገሮች በምን ተራ ላቅርባቸው የሚል ችግር ገጠመው። በአቶማዊ ክብደታቸው ሲደረድራቸው ባሕርያቸው በየተራው እየተመለሰ መጣ። ያልተገኙትንም ቦታ ባዶ ትቶ ከሲሊከን በታች የሚገባው ክብደቱ 72 ያህል እንደሚሆን ተናገረ። በ1886 ጀርማንየም ተገኘ፤ ክብደቱም 72.6 ነው። በ1913 ደግሞ እንግሊዛዊው ሄንሪ ሞዝሊ ትክክለኛው መደርደሪያ ክብደት ሳይሆን የፕሮቶን ብዛት መሆኑን አሳየ። አርገን (39.95) ከፖታሲየም (39.10) እየከበደ በተራ የሚቀድመው ለዚህ ነው።

የነገሩ ቁልፍ

ተማሪው መጀመሪያ የሚያስበው እንዲህ ነው፦ «ከሶዲየም ወደ ክሎሪን ስንሄድ ኤሌክትሮን እየተጨመረ ነው፤ ታዲያ አቶሙ መተለቅ አልነበረበትም?» ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ሊነቀፍ አይገባውም። መልሱም እነሆ።

የሶዲየም ኤሌክትሮኖች 2፣ 8፣ 1 ሆነው ተደርድረዋል። የክሎሪን 2፣ 8፣ 7 ናቸው። በሁለቱም ውስጥ የውስጦቹ 10 ኤሌክትሮኖች በኒውክሊየሱና በውጪኞቹ መካከል እንደ መጋረጃ ይቆማሉ። በሶዲየም 11 ፕሮቶን ስላለ 10ሩ ሲጋረድ ለውጪኛው ኤሌክትሮን የሚደርሰው ስበት በግርድፉ የ1 ፕሮቶን ነው። በክሎሪን 17 ፕሮቶን ስላለ የሚተርፈው 7 ያህል ይሆናል። አዲስ የሚጨመሩት ኤሌክትሮኖች እዚያው ሦስተኛው ምሕዋር ላይ ስለሚገቡ እርስ በርሳቸው ብዙም አይጋረዱም። ስለዚህ መጋረጃው ያው ሆኖ ሳቢው እየበረታ ይሄዳል፤ አቶሙም ይጠብባል። የሶዲየም ሬዲየስ 186 ፒኮ ሜትር ሲሆን የማግኒዚየም 160፣ የአሉሚኒየም 143፣ የክሎሪን ደግሞ 99 ብቻ ነው።

ይህን ከያዝን ሌላው ሁሉ ተከትሎ ይመጣል። አጥብቆ የተያዘ ኤሌክትሮን ለመንቀል ብዙ ኃይል ይጠይቃል። በመሆኑም የመጀመሪያው የአዮናይዜሽን ኃይል ከሶዲየም 496 ኪሎ ጁል በሞል ተነስቶ አርገን ላይ 1521 ይደርሳል። ሶዲየም ኤሌክትሮኑን በቀላሉ ይሰጣል፤ ክሎሪን ደግሞ ከሌላው ይወስዳል። ሁለቱ የፔሬዱ ዳርቻዎች ሲገናኙ ምን ይሆናል? ከአፋር ምድር የሚወጣው አሞሌ ጨው ነዋ!

ሁለቱ እንቅፋቶች

ቁጥሮቹን በሰሌዳ ላይ በተርታ ብንጽፍ 496፣ 738፣ 578፣ 787፣ 1012፣ 1000፣ 1251፣ 1521 ይሆናሉ። ልብ ያለ ተማሪ ሁለት ቦታ ላይ መውረዱን ያያል። አንደኛው ከማግኒዚየም ወደ አሉሚኒየም ነው። የአሉሚኒየም ሦስተኛው የውጪ ኤሌክትሮን ከሁለቱ ጓደኞቹ ከፍ ባለ የኃይል ደረጃ ላይ ስላለ በቀላሉ ይወጣል። ሁለተኛው ከፎስፎረስ ወደ ድኝ ነው። በድኝ ውስጥ ሁለት ኤሌክትሮኖች አንድ ክፍል ለመጋራት ስለሚገደዱ ይገፋፋሉ፤ አንዱን ማስወጣት ይቀላል። እነዚህን መደበቅ የለብንም። ከሕግ የወጣ የሚመስለው ነገር ሕጉን ይበልጥ ያስረዳልና።

የመቅለጫ ነጥብም ቀጥ ብሎ አይሄድም። ሶዲየም በ98፣ ማግኒዚየም በ650፣ አሉሚኒየም በ660፣ ሲሊከን በ1414 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣሉ። ከዚያ በኋላ ቁልቁል ነው፦ ነጭ ፎስፎረስ 44፣ ድኝ 115፣ ክሎሪን ከዜሮ በታች 101፣ አርገን ከዜሮ በታች 189። ምክንያቱ እዚህ ላይ ሌላ ነው። ሲሊከን ከዳር እስከ ዳር በጠንካራ ትስስር የተሳሰረ አንድ ግዙፍ መረብ ሲሆን ከእሱ በኋላ ያሉት ግን ትናንሽ ሞለኪውሎች፣ አርገንም ነጠላ አቶሞች ናቸው፤ ስለዚህ በቀላሉ ይለያያሉ።

ከቤዝ ወደ አሲድ

የኬሚካዊ ባሕርይ ለውጥ ጎልቶ የሚታየው በኦክሳይዶቹ ነው። የሶዲየም ኦክሳይድ በውሃ ውስጥ ኃይለኛ ቤዝ ይሆናል። የማግኒዚየም ደካማ ቤዝ ነው፤ ከውሃ ጋር የሚሰጠው ሃይድሮክሳይድ ለጨጓራ አሲድ ማርከሻ የሚወሰደው ነው። የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ከአሲድም ከቤዝም ጋር ይሠራል። የሲሊከን ኦክሳይድ፣ ማለትም አሸዋ፣ ውሃ ውስጥ አይሟሟም፤ ከትኩስና ጠንካራ ቤዝ ጋር ግን ስለሚሠራ ወደ አሲድ ወገን ያዘነብላል። የፎስፎረስ፣ የድኝና የክሎሪን ኦክሳይዶች አሲድ ይሰጣሉ። የመኪና ባትሪ አሲድ የድኝ ልጅ ነው። አርገን በዚህ ሰልፍ ውስጥ የለበትም፤ ምሕዋሩ የተረጋጋ ስለሆነ ከማንም ጋር አይዋሃድም ማለት ይቻላል።

በክፍል ውስጥ

ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ይባላል። ብርሌውም ራሱ ከአሸዋ የተሠራ ስለሆነ የሲሊከን ምሳሌ ይሆነናል። ማግኒዚየም በቅጠል አረንጓዴነት ውስጥ አለ። አሉሚኒየም ድስታችን ነው። የክብሪት ቀፎ መጫሪያ ፎስፎረስ፣ የክብሪቱ ራስ ድኝ አለበት። ገበሬው የሚያውቀው ኤን ፒ ኤስ ማዳበሪያም ናይትሮጅን፣ ፎስፎረስና ድኝ ማለት ነው። ክሎሪን በበረኪና ውስጥ አለ። ሊትመስ ወረቀት ከጠፋ የከርከዴ ሻይ ይተካዋል፦ በአሲድ ይቀላል፣ በቤዝ ወደ አረንጓዴ ይለወጣል።

አንድ ነገር ግን አደራ! ሶዲየም ነጭ ጋዝ ውስጥ የሚቀመጠው ያለምክንያት አይደለም። በእጅ አይነካም፤ ለውሃ የሚጣለው ከምስር ፍሬ የማይበልጥ ቁራጭ ነው፤ ያውም የዓይን መከለያና ተማሪውን የሚጋርድ መስታወት ሲኖር። ከሌለ በቃል ማስረዳት ይበቃል። የሚነድ ማግኒዚየምን ትኩር ብሎ ማየት ዓይን ይጎዳል። ሶዲየምም ሆነ ማግኒዚየም ሲቀጣጠል ደረቅ አሸዋ እንጂ ውሃ አይደፋበትም። የልጅ ዓይን ከማንኛውም ሙከራ ይበልጣል።

ለውይይት የቀረቡ ጥያቄዎች

1. ከሶዲየም ሁለተኛውን ኤሌክትሮን መንቀል ከመጀመሪያው እጅግ የሚከብደው ለምንድን ነው?
2. ከሶዲየም አዮንና ከማግኒዚየም አዮን የትኛው ያንሳል? ኤሌክትሮናቸው እኩል 10 መሆኑን አትርሱ።
3. የአሉሚኒየም ድስት በኮስቲክ ሶዳ ቢታጠብ የሚበላሸው ለምንድን ነው?

መልስ ያላችሁ ሠልጣኞች ጽፋችሁ ለአዘጋጆቹ ስጡ። መምህራኖቻችንም የጎደለውን ቢሞሉልን እንማርበታለን። ዛሬ እዚህ ሰሌዳ ፊት ቆመን የተከራከርንበት «ለምን» ነገ በየገጠሩ ትምህርት ቤት መልስ ሆኖ ይጠብቀናል።